ሦስት ዓመት በሂዳ

«መልሺው እስቲ» አለች ሚንሃ፣ የጆሮ ማዳመጫውን በጣቷ ጫን አድርጋ።

መቅዲ ስልኳ ላይ ያለውን ቅጂ ወደ ኋላ መለሰችላት። ሁለቱ ጓደኛሞች በመቅዲ እናት ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከማሽኑ ጀርባ ባለችው አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ግድግዳው ላይ ሰኞ ዕለት ከስምንተኛ ክፍሎች ሁሉ አንደኛ የወጣው ፖስተራቸው ተለጥፏል። ርዕሱ «የሰፈራችን ግድብ ታሪክ» ይላል። ከርዕሱ ሥር በቅጂው ላይ የሚናገሩት ኦቦ አለሙ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ገመድ ሲገምዱ የሚያሳይ ፎቶ አለ። ዓርብ ወላጆችና ዳኞች ባሉበት እንደገና ይቀርባል። እዚያም ካሸነፉ ሁለቱ ልጆች ታላቁን የአባይ ግድብ ለማየት በአውቶቡስ ከሚሄዱት ተማሪዎች ጋር ይሄዳሉ። መቅዲ ለጉዞው የምትለብሰውን ሳይቀር መርጣ ጨርሳለች።

«አሁንም መልሺው።»

«አምስተኛሽ እኮ ነው። ምን ሆነሻል?»

ሚንሃ ማዳመጫውን አወለቀች። «እዚህ ላይ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

መቅዲ ፖስተሩን ቀና ብላ ማየት አላስፈለጋትም። «‹ኦቦ አለሙ በወጣትነታቸው ለሦስት ዓመታት በግድቡ ውስጥ ሠርተዋል።›»

«ሠርቻለሁ አላሉም። ‹ወጋ ሰዲ ሂዳ ኬሰን ቱሬ› ነው ያሉት። ሦስት ዓመት ሂዳ ውስጥ ነበርኩ።»

«ያው ነዋ። ሂዳ ግድብ ነው። ግድብ ውስጥ ሦስት ዓመት የቆየ ሰው ካልሠራ ምን ሲያደርግ ነበር? ሲዋኝ?»

ሚንሃ አልሳቀችም። «ማነ ሂዳ ምንድን ነው?»

ይህን የማያውቅ የሰበታ ልጅ የለም።

«እስር ቤት» አለች መቅዲ ቀስ ብላ።

«ማነ ቤት ነው። ‹ቤት› የሚለውን አውጪውና የሚቀረውን ንገሪኝ።»

ጥፋቱ ሁሉ የመቅዲ ነው ማለት ይከብዳል። መቅዲ የህዳሴው ግድብ መሠረት ከተጣለ በኋላ የተወለደች ልጅ ናት። ቤታቸው የሚነገረው አማርኛ ነው፤ ኦሮምኛን የለመደችው በትምህርት ቤት፣ በታክሲ ውስጥና በእናቷ ደንበኞች መካከል ነው። ሂዳ የሚለውን ቃል ደግሞ በቴሌቪዥን፣ በሰልፍና በመዝሙር ግድቡ «ሂዳ ሃሮምሳ» ሲባል እየሰማች አድጋለች። ለእሷ ቃሉ ትልቅ፣ ነጭና ውሃ የሚተኛበት ነገር ነው። ሌላ ትርጉም ይኖረው ይሆን ብሎ መጠርጠር ወደ ሐሳቧም አልመጣም።

«ግድብም እኮ ሂዳ ይባላል» አለች፣ እንደመከራከር እያደረጋት።

«ይባላል። ሁለቱንም ነው። ግን ሙሉውን ስሚው። ሼባው ግድቡን አንድ ቦታ ላይ እንኳ ሂዳ አላሉትም። ሀሮ ነው የሚሉት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሐይቁ፣ ሐይቁ።» ሚንሃ ወደ ፖስተሩ ተጠጋች። «ይሄስ? ‹ጓደኛቸው አቶ ቶላ ደግሞ እዚያው ግድቡ ላይ ቀርተው ዕድሜ ልካቸውን አገልግለዋል።› ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«‹ቶላን ሂዳ ኬሰቲ ሀፌ› ብለዋላ። እዚያው ቀረ።»

«ቀረ።» ሚንሃ ቃሉን ብቻውን ደገመችው። «አልወጣም ማለት መሰለኝ፣ መቅዲ።»

ከውጭ የታክሲ ረዳት «ዓለም ገና፣ ዓለም ገና» እያለ ይጣራል። የፎቶ ኮፒ ማሽኑ አንድ ወረቀት ተፋ። ሚንሃ ጎንበስ ብላ የፖስተሩን ግርጌ አነበበችና ቀና ሳትል ቆየች። እዚያ በትንንሽ ፊደል «ትርጉም፦ ሚንሃ» ተብሎ ተጽፏል።

ሚንሃ ኦሮምኛ አፏን የፈታችበት ልጅ ናት፤ ቅጂውን ልትተረጉም የነበረችውም እሷ ነበረች። ቅዳሜና እሑድ ግን ጫንጮ የዘመድ ሰርግ ላይ ዋለች፣ ሥራው ሰኞ መረከብ ነበረበት፣ መቅዲም ራሷ ተረጎመችው። መምህር ጌታቸው «ሚንሃ አይታዋለች አይደል?» ብለው ሲጠይቋት «አዎ» አለች። ያኔ ውሸት አልመሰላትም ነበር።

«እኔ አላየሁትም» አለች ሚንሃ።

«አውቃለሁ። ምን ላድርግ ታዲያ? ሰርግ ላይ ነበርሽ።»

«ስሜን አለመጻፍ።»

«አቦ ሚንሃ፣ ማን ያውቃል? እሳቸው አማርኛ ማንበብ አይችሉ፣ ዳኞቹም ቅጂውን አይሰሙ። ዓርብ ይለፍና…»

«ዓርብ እኔ እዚያ ፖስተር ጎን አልቆምም» አለች ሚንሃ ቦርሳዋን እያነሳች። «ወይ አስተካክይው፣ ወይ ስሜን አጥፊው።»

ስትወጣ የመቅዲ እናት ወይዘሮ ማሪቱ ከባንኮኒው ቀና አሉ። «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?»

«ምንም» አለች መቅዲ።

ሐሙስ በእረፍት ሰዓት መምህር ጌታቸውን ፍለጋ ወደ መምህራን ክፍል ሄደች። መምህሩ የኅብረተሰብ ትምህርት አስተማሪ ናቸው፤ ደስ ሲላቸው መነጽራቸውን ደጋግመው ይወለውላሉ። ያን ቀን ሲወለውሉ አገኘቻቸው። ጠረጴዛቸው ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ አዲስ ጋቢና በወርቃማ ቀለም የታተመ የምስጋና ወረቀት አለ። መቅዲ ከላይ ሆና አነበበችው። «ለኦቦ አለሙ፣ በግድቡ ሥራ ላበረከቱት የሦስት ዓመት አገልግሎት» ይላል።

«ቲቸር፣ ፖስተሩ ላይ አንድ ቃል ብንቀይርስ?»

«የፊደል ስህተት አለ እንዴ?»

«የፊደል አይደለም። ትርጉሙ ላይ ነው…»

«ትርጉሙን ሚንሃ አይታዋለች አላልሽኝም?»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ይበቃት ነበር። መቅዲ ግን ጋቢውን አየች፣ የምስጋናውን ወረቀት አየች፣ አውቶቡሱም ትዝ አላት።

«አይታዋለች» አለች።

«እንግዲያው አትጨነቂ።» አንድ ገጽ ወረቀት ሰጧት። «ነገ ማይክ ላይ የምታነቢው ይሄንን ነው። እስከዚያ ተለማመጂው።»

ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለል ብሎ ወጣ። መቅዲን ያስፈራትም ይኸው ቅለቱ ነው። ክፍል ገብታ የሒሳብ መምህሩ የጻፉትን ስትገለብጥ አንድም ቁጥር አልገባትም።

ከትምህርት ቤት መልስ ወደ ኦቦ አለሙ ቤት ባጃጅ ይዛ ወረደች። ባጃጁ አስፋልቱ ካለቀበት አውርዷት ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ የፋብሪካ አጥር ተከትሎ ሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ሽታው ከግድቡ ቀድሞ ይደርሳል። አሮጌው ግድብ በዘመኑ ለአዲስ አበባ መብራት ይሰጥ ነበር። ያው ከተማ በወንዙ የሰደደለት ቆሻሻና ከተራቆተው ኮረብታ የወረደው ደለል ሞልቶት፣ ተርባይኖቹ የቆሙበትን ጊዜ መቅዲ ቀርቶ እናቷም በደንብ አያስታውሱትም። ውሃው ላይ እንቦጭ ስለተኛበት ከሩቅ ላየው የግጦሽ መሬት ይመስላል። በአንደኛው ዳርቻ አሸዋ የሚያወጡ ሰዎች አካፋቸውን ይዘው ቆመዋል።

ኦቦ አለሙ ደጃፋቸው ላይ፣ እንደ ፎቶው፣ ገመድ ይገምዳሉ። የተቀደደ የማዳበሪያ ከረጢት ይተረትሩና ክሩን ገምደው ለከብት ማሰሪያ ገበያ ያወጡታል።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ አለሙ።»

«ፈያ ኢንተለኮ። ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ያቺኛዋ ልጅ የት አለች?»

«ዛሬ አልመጣችም።» መቅዲ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። «ኦቦ፣ ያን ቀን ሦስት ዓመት ሂዳ ውስጥ ነበርኩ ሲሉኝ… የትኛውን ሂዳ ነው?»

ሽማግሌው እጃቸውን ከገመዱ ላይ ሳያነሱ አዩዋት። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ድምፅ ሳያሰሙ ሳቁ።

«ይኸው ተገኘ» አሉ። «የመምህራችሁን ደብዳቤ የልጅ ልጄ አነበበልኝ። በግድቡ ሥራ ላይ ላሳለፉት ሦስት ዓመት ጋቢ ይሸለማሉ ይላል። እኔ መቼ ሠራሁ ብዬ ማታውን ሳስብ ቆየሁ። በሩን አንድ ቀን ከፍቻለሁ። እሱም ሥራ ከተባለ ሥራ ነው።»

«የምኑን በር?»

«የውሃውን ነዋ። ጫፉን ያዢልኝ።»

መቅዲ የገመዱን ጫፍ ያዘች። እሳቸው እየገመዱ፣ ሲጠብቅባቸው እሷ እያላላች፣ ነገሩን ነገሯት። በንጉሡ ዘመን፣ እሳቸውና ቶላ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው፣ አንድ ክረምት ዝናቡ አልቆም አለ። የሐይቁ ውሃ ወደ ኋላ እየተኛ የላይኛውን ማሳ ያዘ። ሽማግሌዎች ሄደው በሩ ይከፈት ብለው ለመኑ፤ ጠባቂው ውሃ ከለቀቅሁ ከተማው መብራት ያጣል፣ እኔም እንጀራዬን አጣለሁ አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠባቂው ቁርስ ሲበላ ሁለቱ ልጆች የብረቱን መዘውር ይዘው አዞሩት። ማሳው ተረፈ። አዲስ አበባ አንድ ቀን መብራት ሳታገኝ ዋለች። በማግስቱ ፖሊስ መጣ።

«የእናንተም ቤት መብራት ጠፋ?»

«የትኛው መብራት? ሽቦው በጣራችን ላይ አልፎ ነበር የሚሄደው። እኛ ቤት መብራት የገባው ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።»

«ቶላስ?»

ኦቦ አለሙ ገመዱን ሳብ አድርገው ጥንካሬውን ሞከሩ። «በሁለተኛው ክረምት ሳል ያዘው። መሬቱ ላይ ነበር የምንተኛው። አንድ ቀን ሐኪም ጋ ብለው ወሰዱት። ከዚያ ልብሱን ብቻ መለሱልኝ።»

መቅዲ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ዕድሜ ልካቸውን አገልግለዋል ብላ የጻፈችው እሷ ናት፤ ዓረፍተ ነገሩ ባዶ ስለመሰላት ማሳመሪያ ብላ የጨመረችው።

«ታዲያ ደብዳቤው ሲነበብልዎት ለምን ዝም አሉ? ለምን ስህተት ነው አላሉም?»

«ለማን ልበል? ደርግ ሲመጣ መድረክ ላይ አውጥተው የጭቁን ገበሬ ጀግና ነው አሉኝ። አጨበጨቡ። እነሱ ሄደው ሌሎቹ ሲመጡ ደግሞ ሌላ ስም ነበራቸው፣ ያንንም አጨበጨቡ። አሁን እናንተ ሠራተኛ አላችሁኝ። የእናንተ ይሻላል፤ ጋቢ አለው።» እንደገና ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ግን ሳቁ ብዙ አልቆየም። «እኔን ምንም በሉኝ። ነገ ግን አዴ ቦሰና አብራኝ ትመጣለች።»

«አዴ ቦሰና ማን ናቸው?»

«የቶላ እህት። የወንድምሽን ስም በማይክ ይጠሩታል ብያታለሁ። ከሃምሳ ዓመት ወዲህ ስሙን ሰው ፊት የጠራው የለም። ነጠላዋን አጥባ አስጥታለች።» ወደ ጎረቤት አጥር በአገጫቸው ጠቆሙ። «ምን ብለው እንደሚጠሩት ግን አልነገርኳትም። አላወቅሁማ።»

አጥሩ ላይ ነጠላው ተሰጥቷል። መቅዲ ሳትፈልግ ደጋግማ አየችው።

«ላስተካክለው?» አለች።

«የጻፍሽው አንቺ ነሽ።» ገመዱን ከእጇ ተቀብለው ቋጠሩት። «ይሄን አየሽ? ለላም ነው። ላም ማሰርም ሂዱ ነው። ሰው ማሰርም፣ ውሃ ማሰርም። እኛ ዘንድ አንድ ቃል ነው፣ ኢንተለኮ። አንቺ ሰፊ ቃል ላይ ነው የወደቅሽው። አሁን ሂጂ፣ ባጃጅ ሳይጠፋ።»

ሱቅ ስትደርስ እናቷ ሊዘጉ ሲሉ ነበር። መቅዲ ነጭ ወረቀትና መቀስ ጠየቀች። ፖስተሩን ከግድግዳው አውርዳ ወለሉ ላይ ዘረጋችው።

«ቆንጆውን ሥራ ልትቆርጪው ነው?» አሉ ወይዘሮ ማሪቱ። «አልቋል አላልሽኝም ነበር?»

«ስህተት አለው።»

«ብዙ ነው?»

«ሦስት ቃል ነው። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ አንድ ስም።»

እናቷ ጥቂት ቆመው አዩዋትና መዝጊያውን ትተው ሙጫ አመጡላት። መቅዲ ቁራጭ ወረቀት ቆርጣ «በግድቡ ውስጥ ሠርተዋል» የሚለውን ሸፈነችው። በላዩ በጥቁር እስክሪብቶ «በሂዳ» ብላ ጻፈች። «እስር ቤት» ብላ ልትጽፍ አስባ ነበር፤ ነገር ግን እሳቸው ያሉት ቃል ይኸኛው ነው። ስለ አገልግሎት የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ሸፈነችውና ባዶውን ተወችው። ግርጌው ላይ የሚንሃን ስም አጥፍታ የራሷን ጻፈች። ወረቀቶቹ ሲደርቁ ተሸበሸቡ። በፍጹም የሚያሸንፍ ፖስተር አይመስልም፤ መቅዲም ይህን እያየች ከፋት።

ዓርብ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ግቢ በድንኳን ተሞልቷል። የክፍላቸው ቀልደኛ ወንዲ ከፖስተሩ ፊት ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበ።

«‹ኦቦ አለሙ በወጣትነታቸው ለሦስት ዓመታት በሂዳ።› ማን ናት የሄደችው? የትስ ሂዳ ነው?»

ልጆች ሳቁ። ከኋላቸው የነበረች ሌላ ሰውም ሳቀች። መቅዲ ዞር ስትል ሚንሃ ናት። ሚንሃ ሳቋን አቁማ ቁራጮቹን አንድ በአንድ አየች፣ ባዶውን ቦታ አየች፣ ከዚያ ግርጌውን አነበበች።

«ቲቸር ያውቃል?»

«ገና።»

«ፋራ ነሽ» አለች ሚንሃ። ከመቅዲ እጅ እስክሪብቶውን ወስዳ ከመቅዲ ስም ሥር «እርማት፦ ሚንሃ» ብላ ጻፈችና ጎኗ ቆመች።

መምህር ጌታቸው የመጡት ዳኞቹ ወንበራቸውን ከያዙ በኋላ ነው። ፖስተሩን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ፤ አልወለወሉትም። መቅዲ እስኪጠይቋት አልጠበቀችም።

«ቲቸር፣ ሚንሃ አላየችውም ነበር። ሁለት ጊዜ ዋሽቼዎታለሁ። ኦቦ አለሙ እዚያ አልሠሩም። ታስረው ነው። አቶ ቶላም እዚያው ነው የሞቱት።»

መምህሩ በእጃቸው የያዙትን ወርቃማ ወረቀት አዩ፣ ዳኞቹን አዩ። «ይሄ አሁን ነው የሚነገረኝ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለጊዜው በታተመው እንቀጥልና ሰኞ…»

ንግግራቸውን አልጨረሱም። ኦቦ አለሙ ኮታቸውን ለብሰው በበሩ ገቡ። ከጎናቸው አንዲት አጭር ሴት ነጭ ነጠላ ለብሰው በቀስታ ይራመዳሉ። ተማሪዎች ተነሥተው የፊት ወንበር ለቀቁላቸው። አዴ ቦሰና ተቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉና ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መድረኩን ማየት ጀመሩ።

«ቀጥሎ መቅዲ» አለ ማይኩ።

መቅዲ መድረኩ ላይ ወጣች። በእጇ መምህር ጌታቸው የሰጧት ገጽ አለ። በግራ በኩል ዳኞቹ እስክሪብቶ ይዘዋል፤ መምህሩ ከመድረኩ ሥር ቆመው ጭንቅላታቸውን አልነቀነቁም፣ አልከለከሉምም። ወረቀቱን ለሁለት አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«ኦቦ አለሙ እንዲህ ነበር ያሉኝ» አለች። «‹ወጋ ሰዲ ሂዳ ኬሰን ቱሬ። ቶላን ሂዳ ኬሰቲ ሀፌ።›»

ኦሮምኛ የሚያውቁት ከግቢው ግማሽ ይበልጣሉ። እነሱ ዝም ሲሉ የሌሎቹም ወሬ ቆመ። አዴ ቦሰና የወንድማቸውን ስም ሲሰሙ አልተንቀሳቀሱም፣ እጃቸው ብቻ ነጠላቸውን ጨመደደ። ኦቦ አለሙ ጎንበስ ብለው መሬቱን ያያሉ።

«ይህንን ወደ አማርኛ ስመልስ ተሳስቼ ነበር» አለች መቅዲ። «አሁን አስተካክዬ እነግራችኋለሁ።»

ዳኞቹን ትታ ወደ ፊተኛው ወንበር ዞረች፤ ከቶላ ስም ጀመረች።